የሱሉልታ ሰው ደም በየትኛው መስመር ይለካ?

የሰፈራችን የውይይት ቡድን የሰሞኑ ክርክር፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለደጋ ነዋሪዎች ያወጣው የሄሞግሎቢን (በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) ማስተካከያ፣ ማለትም የደም ማነስ መለያውን መስመር እንደ ከፍታው ከፍ የሚያደርገው ስሌት፣ በእኛ ላይ እንዳለ ሊሠራበት ይገባል ወይስ አይገባም?

ጥያቄ አቅራቢው፦ ባለቤቴ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ሱሉልታ ነው። ወንድሟን ለመጠየቅ አዳማ በሄደችበት ሰሞን ደሟን ተለክታ ሄሞግሎቢኗ 13.4 ሆነና ደህና ነሽ ተባለች። በሳምንቱ እዚህ አንድ ክሊኒክ ስትለካ ያው 13.4 ሆኖ ሳለ በካርዷ ላይ «ደም ማነስ» ተብሎ ተጻፈ፤ የብረት ኪኒንም ታዘዘላት። ነገሩ ቢከነክነኝ መመሪያውን ፈልጌ አነበብሁት። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት መነሻው፣ ማለትም ከሱ በታች ደም ማነስ የሚባልበት መስመር፣ በዴሲሊትር 12 ግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው መመሪያ መሠረት 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ለምትገኘው አዳማ 1.1፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ለሆነችው ሱሉልታ ደግሞ 1.8 ይጨመራል። ስለዚህ መስመሩ እዚያ 13.1፣ እዚህ 13.8 ነው። በቀድሞው መመሪያ ቢሆን ኖሮ እዚህ የሚጨመረው 1.3 ብቻ ስለነበር ባለቤቴ ጤነኛ ትባል ነበር። በአንዲት ሴት ደም ላይ ያልተለወጠው ነገር በወረቀት ላይ ሲለወጥ ዝም ማለት አልቻልሁም።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦ ወንድሜ፣ ማስተካከያው እንዲያው የመጣ አይደለም። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል፤ ኩላሊት ይህን ሲያውቅ ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፣ መቅኔም ቀይ የደም ሴሎችን አብዝቶ ይሠራል። በዚህ ምክንያት በደጋ ሰው ላይ 12.5 ደህና ቢመስልም ከሥሩ የብረት እጥረት ሊኖር ይችላል። ማስተካከያውን ከጣልነው የምናሳልፋት ይህችን ሴት ነው። ሌላም ነገር ልጨምር፦ ባለቤትዎ የተለኩት በጣት ደም ከሆነ በሁለቱ ቀናት ውጤት መመሳሰል ላይ ብዙ አይደገፉ። በሱሉልታ ብርድ ጠዋት የገባች ሴት ጣቷ በረዶ ሆኖ ደሙ እምቢ ሲል እየጨመቁ ማውጣት የተለመደ ነው፤ ሲጨመቅ ደግሞ የሕዋሳት ፈሳሽ ከደሙ ጋር ይቀላቀልና ቁጥሩን ያወርደዋል። እጇን አሙቆ፣ የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች ጠርጎ፣ በራሱ የሚወርደውን ደም መውሰድ ይገባ ነበር።

የባዮሎጂ መምህሩ፦ እህቴ የገለጹት የሰውነት አሠራር እውነት ነው፤ ሆኖም በሁሉም ሕዝብ ላይ በአንድ ልክ አይሠራም፤ ክርክሩም እዚህ ላይ ነው። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ሄሞግሎቢናቸው በጣም ከፍ ይላል። የቲቤት ሰዎች ግን በዚያው ከፍታ እየኖሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ይህም ኢፓስ1 ከተባለው ዘረ መል ልዩነት ጋር እንደሚያያዝ እ.ኤ.አ. በ2010 ታወቀ። የእኛ ደግሞ ሦስተኛ ነው። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለክተው አማካዩ ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ሆኖ አገኙት፤ ይህም በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖሩ ሰዎች ልክ የማይወጣ ነው። የደማቸው የኦክስጅን ሙሌትም 95.3 በመቶ ነበር። አሁን የ2024ን ማስተካከያ በእነዚህ ሰዎች ላይ አስቀምጡት። በዚያ ከፍታ 2.5 ስለሚጨመር የሴቶች መስመር 14.5 ይሆናል፤ አማካይዋ ሴት ከመስመሩ የምትበልጠው በግማሽ ግራም ብቻ ነው። ከአማካዩ በታች ያሉት ብዙ ጤነኛ ሴቶች የት ሊወድቁ ነው? ማስተካከያው አየሩን እንጂ የሰውየውን ትውልድ አያይም፤ እኔ የምቃወመውም ይህንኑ ነው።

አዋላጅ ነርሷ፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ይህ ሐሳብ የት እንደሚያደርሰን ያስቡበት። ካርድ ክፍል የምትገባን እናት «ከየት ወገን ነሽ?» ብዬ በዘሯ መስመር ላሰምርላት ነው? ይህን አላደርገውም። ደግሞም እኔ የማየው የወሊድ ደም ነው። ሳይታወቅ ደሟ አንሶ የገባች እናት ትንሽ ከደማች ጊዜ አይሰጥም። በከንቱ ኪኒን የዋጠችው ሆዷ ቢደርቅባት ነው፤ የተዘለለችው ግን ሕይወቷን ልታጣ ትችላለች።

የባዮሎጂ መምህሩ፦ በዘር መጠየቁን እኔም አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ሳይንሱም አይደግፈውም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የሰሜን ተራሮች አማሮችንና የባሌ ተራሮች ኦሮሞዎችን አነጻጽሮ በከፍታው ላይ የባሌዎቹ ሄሞግሎቢን ከፍ ብሎ አግኝቶታል፤ የቲቤቶቹ የዘረ መል ልዩነትም የእኛን ልዩነት አላብራራም። እንግዲህ «የኢትዮጵያ ደጋ ሰው» የሚባል አንድ ልክ የለም፤ ሱሉልታ ደግሞ ከየአቅጣጫው የመጣ ሕዝብ ተጋብቶ የተዋለደባት ከተማ ናት። ስለ ወሊድ ያሉትንም እቀበላለሁ፤ ነፍሰ ጡር እናት ብረቱን መውሰዷን የሚነካ ነገር አልተናገርሁም። የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው። አንድ ወረዳ በመስመሩ ምክንያት ብቻ ግማሹ ደም አነሰው ከተባለ የብረት ዘመቻ ይታወጅና የድካሙ እውነተኛ ምክንያት፣ የአንጀት ትል ይሁን የታይሮይድ ሕመም፣ ሳይፈለግ ይቀራል። በመስመሩ ዙሪያ ያለ ሰው በሄሞግሎቢን ብቻ አይፈረድበት፤ የብረት ክምችቱ ይታይ።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦ የብረት ክምችትን የሚያሳየውን የፌሪቲን ምርመራ ማለትዎ ከሆነ እስማማለሁ። ለጤነኛ አዋቂ ከ15 ማይክሮግራም በሊትር በታች ሲሆን እጥረት መኖሩን ይነግረናል። ነገር ግን ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ካለ ፌሪቲን በሐሰት ከፍ ስለሚል፣ ጉንፋን ይዞት የመጣን ሰው በዚያ መፍረድ አይቻልም። በአካባቢያችን ባሉ ክሊኒኮችም አይሠራም፤ ናሙናው አዲስ አበባ መሀል መላክ አለበት፣ ዋጋውም ለብዙው ሰው ከባድ ነው። ስለዚህ ለሁሉ ይታዘዝ አልልም። ከሴቶች ከ12 በታች የሆነችው ያለ ክርክር ትታከም፤ በ12 እና በ13.8 መካከል ላለችው ግን መጀመሪያ የክንድ ደም ተወስዶ ልኬቱ ይደገም፣ ካልጠራ ፌሪቲን ይላክ።

አዋላጅ ነርሷ፦ እንደዚህ ከሆነ እቀበላለሁ፤ ነፍሰ ጡሮችን ግን ከዚህ አውጡልኝ። እነርሱን ውጤት እስኪመጣ አላስጠብቅም።

ጥያቄ አቅራቢው፦ ማክሰኞ ጠዋት ባለቤቴን ይዣት እሄዳለሁ፤ ጉንፋንም የለባትም። የክንድ ደም ትሰጣለች፣ ፌሪቲኑንም እንከፍላለን። የላብራቶሪ ባለሙያዋን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ውጤት የሚጻፍበት ወረቀት ላይ ከቁጥሩ ጎን የተለካበት ከፍታና መስመሩ ስንት እንደሆነ ይጻፍ።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦ በእኔ እጅ የሚወጣው ወረቀት ላይ ከነገ ጀምሮ ይጻፋል።