አድሚራል ሃይማን ሪኮቨር መሐንዲስ ናቸው ወይስ አስተዳዳሪ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ስለ ኑክሌር ኃይል አጀማመር ሳነብ የፌርሚና የሌሎች የፊዚክስ ሊቃውንት ስም ይቀድማል፤ ኖቲለስ የተባለችው የመጀመሪያዋ በኑክሌር ኃይል የምትሠራ ባሕር ሰርጓጅ መርከብና በአሜሪካ ያለው የሺፒንግፖርት የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሲነሡ ግን የሚጠሩት አድሚራል ሪኮቨር ናቸው። እሳቸው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና የተማሩ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ሲሆኑ፣ ኦክ ሪጅ ወደተባለው የኑክሌር ምርምር ማዕከል የተላኩት እ.ኤ.አ. በ1946 በ46 ዓመታቸው ነው። ታዲያ የሠሩት የመሐንዲስ ሥራ ነው ወይስ የሌሎችን ሥራ ማስተባበር?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ እኔ መሐንዲስ ናቸው እላለሁ። የኑክሌር ሰንሰለታዊ ሂደት (አንድ አቶም ሲሰነጠቅ የሚወጡት ኒውትሮን የተባሉ ቅንጣቶች ሌሎችን አቶሞች እየሰነጠቁ የሚቀጥሉበት) በ1942 ቺካጎ ውስጥ ታይቷል፤ የቀረው ከባዱ ጉዳይ የቁሳቁስ ነበር። የዩራኒየሙ ነዳጅ የሚሸፈንበት ብረት የጋለ ውኃ የማይበላው፣ ኒውትሮንም የማይውጥ መሆን አለበት። ዚርኮኒየም ለዚህ ይስማማል፤ ነገር ግን በተፈጥሮው ከሃፍኒየም ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገኝና ሃፍኒየም ኒውትሮንን አጥብቆ ስለሚውጥ፣ ሁለቱን መለየት ግድ ነው። ሪኮቨር በቤተ ሙከራ በጥቂቱ ብቻ ይገኝ የነበረውን ይህን ብረት በፋብሪካ ደረጃ እንዲመረት አደረጉ፤ ተለይቶ የወጣው ሃፍኒየምም ኒውትሮን እየዋጡ ሂደቱን ለሚገቱት የመቆጣጠሪያ ዘንጎች ዋለ። በአሜሪካ አይዳሆ በረሃ የተሠራውን የሙከራ ሪአክተር (ሰንሰለታዊው ሂደት ሙቀት የሚያመነጭበትን ምድጃ) ደግሞ እንደልብ በሰፊ ቦታ ከመዘርጋት ይልቅ፣ በእውነተኛው መርከብ ልክ ተጠጋግቶ በመርከብ አካል ውስጥ እንዲገጠም አዘዙ። ሪአክተሩ በ1953 ሥራ ጀመረ፤ ኖቲለስም በጥር 1955 በኑክሌር ኃይል ባሕር ላይ ወጣች። ቦታው ጠባብ ሲሆን ምን እንደሚቸግር አስቀድሞ በየብስ ላይ ለማየት መወሰን የመሐንዲስ አስተሳሰብ ነው።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ምርጫቸው ያስከተለው ጣጣም ሊነሣ ይገባል። ሲዎልፍ የተባለችው ሁለተኛዋ የኑክሌር ባሕር ሰርጓጅ መርከብ በፈሳሽ ሶዲየም የሚቀዘቅዝ ሪአክተር ተገጥሞላት ነበር። ሶዲየም ሙቀትን በደንብ ያስተላልፋል፤ ውኃ ሲነካው ግን በኃይል ይቀጣጠላል። የእንፋሎት ክፍሉ እያፈሰሰ ስላስቸገረ ሪኮቨር ሪአክተሩን አስነቅለው በግፊት ውኃ (በከፍተኛ ግፊት ተይዞ በማይፈላ ውኃ) በሚሠራ እንደ ኖቲለስ ዓይነት ሪአክተር አስተኩት። ለመርከብ ይህ ተገቢ ውሳኔ ነው። በ1957 መጨረሻ 60 ሜጋ ዋት ማመንጨት የጀመረው ሺፒንግፖርትም በዚያው መንገድ ስለተሠራ፣ ለጠባብ መርከብ የተመረጠው ንድፍ ለከተሞች ኤሌክትሪክም ዋነኛ መንገድ ሆነ። የኦክ ሪጁ የፊዚክስ ሊቅ አልቪን ዋይንበርግ የግፊት ውኃን ሐሳብ ቀደም ብለው ካቀረቡት አንዱ ሆነው ሳለ፣ በኋላ ነዳጁ በቀለጠ ጨው ውስጥ ሟሙቶ የሚሠራ ሪአክተር እንዲስፋፋ ተከራክረዋል፤ የሙከራው ሪአክተር ከ1965 እስከ 1969 ቢሠራም በንግድ ደረጃ የተከተለው የለም። በእኔ እምነት ሌሎቹ ንድፎች በቂ ዕድል አላገኙም።

መልስ 3፦
ጠያቂያችን ሥራቸው «የሌሎችን ሥራ ማስተባበር» ይሆን ብለው መጠየቃቸው ትንሽ አሳስቦኛል። ሪኮቨር በኑክሌር መርከቦች ለማገልገል የሚያመለክቱትን መኮንኖች ራሳቸው እየጠሩ ይፈትኑ ነበር፤ ከተፈተኑት አንዱ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጂሚ ካርተር ናቸው። ከበላዮቻቸው ጋር ስለማይስማሙ የአድሚራልነት ማዕረግ ተከልክለው፣ በ1953 ያገኙት የአሜሪካ ምክር ቤት ጣልቃ ገብቶ ነው። እስከ 1982 ድረስ በኃላፊነት ሲቆዩም፣ አዲስ የኑክሌር መርከብ ለመጀመሪያ የባሕር ሙከራ ስትወጣ ራሳቸው አብረው መሳፈርን ልማድ አድርገውት ነበር።