የማላውቀውን ሪፖ ቻትቦት ሲያስረዳኝ ልመነው?

አዲስ_ገቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ ሥራ ገብቼ የተሰጠኝ ሪፖ (የኮዱ ማከማቻ) በጣም ትልቅ ነው። የጻፉት ልጆች አብዛኞቹ ለቀዋል። ሰነድ የሚባል ነገር ቢኖር አንድ ሪድሚ (የመግቢያ ማብራሪያ ፋይል) ነው፣ እሱም ከተነካ ቆይቷል። ከላይ ጀምሬ ላንብበው ብል የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ ፋይሎቹን ቻትቦት ላይ እየለጠፍኩ «ይሄ ምን ይሠራል፣ ያኛው ከየት ነው የሚጠራው» እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። አመላለሱ ደስ ይላል፣ ሲናገር ቅንጣት አይጠራጠርም። ትናንት ግን «ክፍያ ሲከሽፍ ስንት ጊዜ ይሞከራል?» አልኩት፤ «3 ጊዜ» አለኝ። ፋይሉን ስከፍተው ከፈንክሽኑ በላይ ያለው ኮሜንት (ለሰው የተጻፈ ማስታወሻ) 3 ይላል፣ ከሥሩ ያለው ሉፕ (ሥራውን የሚደጋግመው ኮድ) ግን የሚዞረው 5 ጊዜ ነው። ኮሜንቱን አንብቦ መለሰልኝ ማለት ነው። እናንተ እንዴት ነው የምትጠቀሙት? ወይስ ጭራሽ ልተወው?

ተርሚናል_ወዳጅ፦
አትተወው ወንድሜ፣ አጠያየቅህን ቀይር። መልስ ሳይሆን አድራሻ ጠይቀው። «የሙከራው ቁጥር የሚወሰነው የት ነው? ፋይሉን፣ የፈንክሽኑን ስምና መስመሩን ራሱን ገልብጠህ አሳየኝ» በለው፤ ከዚያ ራስህ ከፍተህ ታያለህ። የመስመር ቁጥር ብቻ ሲሰጥህ ዝም ብለህ አትቀበል፣ እሱን አንዳንዴ ይስታል። የፈንክሽን ስም ግን ግሬፕ አድርገህ (ቃሉን በሪፖው ውስጥ ፈልገህ) ወዲያው ታረጋግጠዋለህ። ግሬፕ ላይ ካልወጣ ከራሱ የፈጠረው ነው፣ አለቀ። እኔ ቦቱን የምፈልገው በተለይ ምን ብዬ ግሬፕ እንደማደርግ ሲጠፋኝ ነው። አንተ «ፔይመንት» ብለህ ትፈልጋለህ፣ የጻፈው ሰው ግን «ሴትልመንት» ብሎት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነት ስም መገመት ላይ ጎበዝ ነው። ሌላ ዘዴ ልንገርህ፦ ኮሜንቶቹን አጥፍተህ ኮዱን ብቻ ለጥፍለትና እንደገና ጠይቀው። ሁለቱ መልሶች ከተለያዩ፣ ያረጀ ኮሜንት አገኘህ ማለት ነው።

የድሮ_ኪቦርድ፦
እኔ አልስማማም። ሰዉ ኮድ ማንበብ እየተወ ነው። ዲበገር (ኮዱን ደረጃ በደረጃ እያስኬደ የሚያሳይ መሣሪያ) ክፈት፣ ብሬክፖይንት (ማቆሚያ ነጥብ) አድርግ፣ አንዷን ሪኩዌስት ከመግቢያዋ እስከ ዳታቤዙ ተከተላት። ግማሽ ቀን ቢፈጅብህም በዓይንህ ያየኸው አይጠፋብህም፣ ቦቱ የነገረህን ግን ነገም መልሰህ ትጠይቀዋለህ። ቴስቶቹንም አንብብ። ቴስት ቢያንስ ኮዱ ሲቀየርበት ይወድቃል፣ ኮሜንት ምን ይሆናል?

ሌሊት_ኮደር፦
ስለ ዲበገሩ ልክ ነህ፣ ግን ሁሉም ሪፖ እንደዚያ ተነብቦ አይዘለቅም። የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ነው፣ ማን ይጨርሰዋል? ቦቱም አይጨርሰውም፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የጉግል ሞዴል ጀሚናይ 1.5 በአንዴ እስከ 1 ሚሊዮን ቶከን (ሞዴሉ የሚያነበው የቃል ስባሪ) ይቀበላል ሲባል ብዙ ተወርቶ ነበር። አንዱን መስመር 10 ቶከን ብለን ብንይዘው ያ 100 ሺህ መስመር አካባቢ ነው። ቢገባለትስ? በ2023 የወጣ ጥናት ሞዴሎቹ ከረጅም ጽሑፍ መሀል ያለውን ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ይልቅ እንደሚስቱት አሳይቷል።

ለዚህ ነው «ከሪፖህ ጋር አውራ» የሚሉት ብዙዎቹ መሣሪያዎች ኮዱን ቆራርጠው፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ወደ ቁጥር ለውጠው የሚያስቀምጡት። ስትጠይቅ ከጥያቄህ ጋር በትርጉም የሚቀራረቡትን ጥቂት ቁራጮች አውጥተው ለሞዴሉ ይሰጡታል። እሱ የሚያየው እነሱን ብቻ ነው። ስለዚህ «የት ነው ያለው?» ይመቸዋል። «ይሄን ፈንክሽን የሚጠራው የለም አይደል፣ ልሰርዘው?» ብለህ ግን እንዳትጠይቀው። ያልደረሰው ቁራጭ ውስጥ ቢጠራስ? በድፍረት «የለም» ይልሃል። ራሳቸው ግሬፕ እያደረጉ፣ ፋይል እየከፈቱ የሚሄዱት ኤጀንቶች እዚህ ላይ ይሻላሉ፣ ግን ስሙ ከስትሪንግ (ከተራ ጽሑፍ) ተገጣጥሞ የሚጠራ ፈንክሽን እነሱንም ያመልጣቸዋል።

ኮሚት_አንባቢ፦
ማንም ያላነሳው ነገር አለ። «ለምን» ብሎ መጠየቅ። ኮዱ ምን እንደሚያደርግ ኮዱ ውስጥ አለ፣ ለምን እንደዚያ እንደተደረገ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። ቦቱ ደግሞ አላውቅም ማለት ስለሚከብደው ምክንያት ይፈጥርልሃል፤ ሲፈጥር ደግሞ ያሳምናል። እኛ ጋ አንድ ሪኩዌስት ከመላኩ በፊት 30 ሰከንድ የሚጠብቅ ኮድ ነበር። ቦቱ «ሰርቨሩ እንዳይጨናነቅ ነው» አለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ጊት ብሌም (እያንዳንዱን መስመር ማን መቼ እንደቀየረው የሚያሳየው) ሲታይ ግን የኮሚቱ (የተመዘገበው ለውጥ) መልእክት ሌላ ነገር ይላል፦ ከምንገናኘው ሲስተም ጋር የሰዓት ልዩነት ስለነበረ የመግቢያ ቶከኑ (የይለፍ ምልክቱ) «ገና ነው» ተብሎ ይመለስ ነበር። መጠበቁን አንስተነው ቢሆን ኖሮ መግባት የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

ስለዚህ ታሪኩን አንተ አውጣለት። ጊት ሎግ (የለውጦቹ ታሪክ) ላይ በትልቁ ኤስ (-S) ስትፈልግ አንድ ቃል የገባበትንና የወጣበትን ኮሚት ይሰጥሃል። ያንን ለጥፍለትና አጠቃልልልኝ በለው። የተሰጠውን ማጠቃለል ላይ ብዙም አይታማም።

አዲስ_ገቢ፦
አመሰግናለሁ፣ ሞከርኩት። 3ን ወደ 5 የቀየረው ኮሚት ተገኘ። መልእክቱ «ፊክስ» ነው። በቃ «ፊክስ»። 😂

ኮሚት_አንባቢ፦
ሃሃ፣ የታወቀ ነው። ከኮሚቱ ጋር የተያያዘ ፑል ሪኩዌስት (ለውጡ ከመግባቱ በፊት የሚገመገምበት ገጽ) ካለ ክፈተው። ክርክሩ እዚያ ነው ተጽፎ የሚቀረው።

አዲስ_ገቢ፦
እሺ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ የድርጅቱን ኮድ እንዲህ መለጠፉስ ችግር የለውም?

ቁልፍ_ጠባቂ፦
እኔ ይሄን ነበር መጀመሪያ የምጠይቀው! አለቃህን በጽሑፍ ጠይቅ። ድርጅቱ ውል የገባበት መሣሪያ ካለ እሱን ብቻ ተጠቀም። በግል አካውንት የምታስገባው ነገር፣ እንደ አገልግሎቱና እንደ ሴቲንጉ፣ ሞዴል ማሠልጠኛ ሊሆን ይችላል። የማይፈቀድ ከሆነ በራስህ ማሽን ላይ እንደ ኦላማ ባለ ነገር ክፍት ሞዴል ማስኬድ ይቻላል፤ ከትልልቆቹ ይደክማል፣ ለ«የት ነው» ጥያቄ ግን ይበቃል።

የይለፍ ቃልና የኤፒአይ ቁልፍ (ፕሮግራሙ ወደ ሌላ አገልግሎት የሚገባበት) ያለበትን የኢንቫይሮንመንት ፋይል በፍጹም አትለጥፍ። ለጥፈህ ከሆነ ቻቱን ማጥፋት አይበቃም፣ ቁልፉን ሰርዘህ አዲስ አውጣ። ሪፖውም ላይ ያው ነው። ቁልፉ አንዴ ኮሚት ከተደረገ ፋይሉን ብታጠፋውም ታሪኩ ውስጥ ይቀመጣል። ኤጀንት የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ ከማታውቀው ሰው ሪፖ ላይ ስታስነሳው ኮማንድ ያለፈቃድህ እንዳያስኬድ ዝጋው፤ ሪድሚው ውስጥ ለሱ የተጻፈ ትእዛዝ ተደብቆ ሊኖር ይችላል፣ እሱ ደግሞ የአንተንና የፋይሉን ቃል ሁልጊዜ አይለይም።