ታካሚ የቱን መልስ ይወዳል፦ የሐኪምን ወይስ የቻትቦትን?

ጣናዳር፦ ባሕር ዳር ላይ የታካሚ እርካታ መጠይቅ እያዘጋጀን ነው። የሐኪምና የቻትጂፒቲ መልስ ጎን ለጎን ሲቀርብ ቻትቦቱ ይመረጣል ይባላል። እውነት ነው?

ቁጥር ወዳጅ፦ እ.ኤ.አ. በ2023 ጃማ ኢንተርናል ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣው ጥናት 195 ጥያቄዎች ቀርበው 78.6 በመቶው ግምገማ ለቻትቦቱ አድልቷል። ግን መራጮቹ የጤና ባለሙያዎች እንጂ ታካሚዎች አልነበሩም። የሐኪሞቹ መልስ በአማካይ 52 ቃል፣ የቻትቦቱ 211። ረጅም መልስ እንደ አክብሮት ይቆጠራል፤ ስለዚህ ርዝመቱን አቀራርቡ፣ ማን እንደጻፈው ደብቁ። «ወደዱት?» የሚለውን ታካሚ፣ «ትክክል ነው?» የሚለውን ሐኪም ይመልሰው።

ነርሷ፦ ልክ ነው ወንድሜ። ጥያቄው ውስጥ ቦታም ይግባ። «ትኩሳት አለኝ» ብቻ ከተባለ ቻትቦቱ ጉንፋን ነው ብሎ ሊያረጋጋ ይችላል። እዚህ ግን የወባ የደም ምርመራ ይቀድማል፤ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የተባሉት የወባ ዓይነቶች ሕክምና ይለያያል፣ ያለ ላቦራቶሪ ደግሞ አይለዩም። ጣና መዋኘቱን ያልተናገረ ሰውም ቢልሃርዝያ (ከውሃ የሚገባ የጥገኛ ትል በሽታ) አይነሳለትም። ቢነሳም፣ በዋኘ በሳምንቱ የሰገራ ምርመራ የትሉን እንቁላል አያሳይም።

ጣናዳር፦ የቻትቦቱ አማርኛስ?

ነርሷ፦ አስቀድማችሁ አንብቡት፣ በተለይ የመድኃኒት አወሳሰዱን። «በቀን ሁለት ጊዜ» «ሁለት ፍሬ በአንዴ» ሆኖ ከወጣ ታካሚው ረክቶም ይሳሳታል።