«ስላላስፈለጋቸው» ስንት ቦታ ይቆረጣል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። «ስብሰባው ስላላስፈለጋቸው ሄዱ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለተማሪ ስናስረዳ ረጅሙን ቃል በየትኛው ቅደም ተከተል እንበትነው? ከፊት የጀመረ ሁሉ «ስላላ» ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። ፈሊጣዊ አነጋገርንስ በዚሁ መንገድ መበተን ይቻላል ወይ?

ግሥ አርቢ፦ ከኋላ ይጀምሩ። መጀመሪያ የሚነሣው «ኣቸው» ነው፤ ተሳቢውን ያመለክታል፣ ማለትም ስብሰባው ያላስፈለጋቸውን ሰዎች። ሲነሣ «ስላላስፈለገ» ይቀራል። ቃሉ በግዕዙ፣ ማለትም በመጀመሪያው ፊደል «ገ» ማለቁ ባለቤቱ «እሱ»፣ ማለትም ስብሰባው መሆኑን ያሳያል፤ ከ«አስፈለጉ» እና ከ«አስፈለገች» ጋር ቢያስተያዩት ወዲያው ይለያል። ከዚያ ወደ ፊት ተመልሰው «ስለ»ን ያንሡ፤ «አላስፈለገ» ይቀራል። «አል» የአሉታው ነው፤ እሱም ሲነሣ «አስፈለገ»፣ «አስ»ም ሲነሣ «ፈለገ»። ሥሩ ፍ‑ል‑ግ ነው። ባለቤት አመልካቹን ጨምረን ዘጠኙ ፊደል ስድስት ምዕላድ (ትርጉም ወይም ሥራ ያለው ትንሹ የቃል ክፍል) ይወጣዋል።

«ስላላ» የሚያስቸግረው ስፌቱ ፊደል ውስጥ ስለሚደበቅ ነው። በቃሉ ውስጥ ያሉትን ራብዕ (አራተኛ፣ «ኣ» የሚሉ) ፊደላት ብቻ ለቅማችሁ ተመልከቱ፦ ላ፣ ላ፣ ጋ። ሦስቱም መገጣጠሚያ ናቸው። የመጀመሪያው «ላ» ላይ «ስለ» እና «አል» ተገናኝተዋል፣ ሁለተኛው ላይ «አል» እና «አስ»፣ «ጋ» ላይ ደግሞ «ገ» እና «ኣቸው»። ስለዚህ ረጅም ግሥ ሲያጋጥም ራብዑን መጠርጠር ጥሩ ልማድ ነው። ሁልጊዜ ግን አይሠራም፤ የ«ላከ» «ላ» የራሱ የግሡ ናት፣ የ«ሰባበረ» «ባ» ደግሞ የድግግሞሽ ናት።

የቆረጥነው ቁራጭ እውነተኛ ክፍል መሆኑ የሚታወቀው ሌላ ቃል ላይ ገብቶ ያንኑ ሥራ ሲሠራ ነው። «ስለ»ን «ስለመጣ» ላይ፣ «አል»ን «አልመጣም» ላይ፣ «አስ»ን «አስመታ» እና «አስጻፈ» ላይ እናገኛቸዋለን። ይህን ያላለፈ ቁራጭ ግምት ነው።

አዲስ ፊደል፦ ግሩም ነው። «ም»ን ግን አትርሱ። ራሱን ችሎ የቆመ ዓረፍተ ነገር ላይ አሉታው «አል…ም» ሆኖ በሁለት በኩል ይመጣል፦ «አላስፈለጋቸውም»። «ስለ»፣ «እንደ» ወይም «የ» ከፊቱ ሲገባ የኋላው «ም» ይወድቃል። «ስላላስፈለጋቸውም» ብሎ የጻፈ ሰው «ም»ን እንደ «እና»፣ እንደ «ደግሞ» ነው የተጠቀመባት፤ የአሉታው «ም» አይደለችም። ተማሪ አብዝቶ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

«ኣቸው»ም ብቻውን አይፈታም። «እነሱን» ሊሆን ይችላል፣ በአክብሮት «እሳቸውን»ም ሊሆን ይችላል። እዚህ «ሄዱ»ም ያው ሁለት መንገድ ስላለው አይረዳንም፤ ቀድሞ የተወራለት ሰው ነው የሚወስነው። «በት»ም እንዲሁ ነው። «የጻፈበት ወረቀት»፣ «የጻፈበት እስክሪብቶ»፣ «ከሳሽ የጻፈበት ሰው»፤ ቁራጩ አንድ ነው፣ ሥራው ግን ቦታ፣ መሣሪያ፣ ጉዳት እያለ ይለያያል። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» ላይ ደግሞ መላው ልዩነት የተሸከመው በዚህች ቅጥያ ነው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። «ተቀመጠ» ላይ ግን «ተ» ሲነሣ «ቀመጠ» ይቀራል። እንዲህ የሚል ሰው የለም። ታዲያ መቁረጡ ስሕተት ነው?

ግሥ አርቢ፦ ስሕተት አይደለም። ራሱን ችሎ አይነገር እንጂ ቅ‑ም‑ጥ «አስቀመጠ»፣ «አቀማመጥ» እና «መቀመጫ» ላይ አለ። ሥር ለብቻው ቃል መሆን አይጠበቅበትም። «መቀመጫ» ላይ «ተ» የት ገባች ካሉ፣ «ቀ» ውጣታለች፤ ጠብቃ የምትነበበው ለዚህ ነው። ጽሕፈታችን ጥብቀትን ስለማያሳይ በዓይን ብቻ የቆረጠ ሰው ይህን ክፍል ያጣዋል። «በጉ ይበላል» በሉና አንብቡት። «በ» ላልታ ስትነበብ በጉ ሣር እየጋጠ ነው፤ ጠብቃ ስትነበብ በጉ ራሱ ሊበላ ነው። የተደራጊነቱ «ተ» የቀረችው በዚያች ጥብቀት ውስጥ ብቻ ነው። መጀመሪያ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ፣ ከዚያ መቁረጥ።

ክፍሎቹ ግልጽ ሆነው ትርጉሙ የማይደመርበትም አለ። «ወጣ»፣ «አወጣ»፣ «አስወጣ» በሥርዓት ይሄዳል። «ገባ»፣ «አገባ»፣ «አስገባ» ላይ ግን «አገባ» በተለመደው አነጋገር ትዳር መመሥረት ነው። «አ» ቦታዋ ላይ አለች፤ ትርጉሙን ግን ከ«አ» እና ከ«ገባ» ቀምሮ ማግኘት አይቻልም፣ ለብቻው መያዝ ነው ያለበት።

ቅኔ ወዳድ፦ ስለ ፈሊጡ እኔ ልመልስ። ፈሊጥም ይበተናል፣ ልዩነቱ የሚበተንበት ደረጃ ነው። ሦስት ነገር ሞክሩበት፦ መሐሉ ላይ ገላጭ ማስገባት፣ ስሙን «የ…» ባለው ሐረግ ማስገለጥ፣ ባለቤትነት መጨመር።

«ቃል ገባ» ብዙ ይፈቅዳል። «ትልቅ ቃል ገባ» ይባላል፣ «የገባውን ቃል አጠፈ» ይባላል። ስለዚህ «ቃል» እዚያ ውስጥ አሁንም በራሱ ትርጉም ቆሟል፤ ያልተለመደ ሥራ የያዘው «ገባ» ብቻ ነው። «ሆደ ሰፊ» ጠበቅ ይላል፦ «በጣም ሆደ ሰፊ» እንላለን፣ «ሆደ በጣም ሰፊ» ግን አንልም። «ደ» ግዕዝ ሆና ሁለቱን ያሰረችው በግዕዝ ቋንቋ ሥርዓት ነው፤ «ልበ ሙሉ» እና «አፈ ጉባኤ»ም እንደዚያው ናቸው። «እጅ ነሣ» እና «ልብ አለ» ደግሞ ጭራሽ አይላወሱም። «የነሣው እጅ» ሲባል ሰላምታው ይጠፋል፤ «ልቡን አለ» ትርጉም አይሰጥም። እነዚህን ለተማሪ ስትሰጡ ቃል በቃል አታስፈቱ፤ ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ ግሥ ቆጥራችሁ አስረቡ፦ «ልብ አልኩ፣ ልብ አላለችም፣ ልብ ስላላሉ»። ቅጥያዎቹ በሙሉ «አለ» ላይ ይወርዳሉ፣ «ልብ» አትነካም። ከላይ የተባለው ከኋላ የመጀመር ዘዴም እዚህ ሳይዛነፍ ይሠራል፤ የሚቆመው «ልብ አለ» ላይ ሲደርስ ነው። መዝገበ ቃላት የምታዘጋጁም «ልብ» ሥር አስገቡት፤ ፈላጊው መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው።