ልጄ የሕፃናት ማቆያ ገብታ እሷም እኔም አልለመድንም፣ ምን ላድርግ?

የማራኪዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ልጄ 8 ወሯ ነው። የወሊድ ፈቃዴ ካለቀ በኋላ እናቴ ከደባርቅ መጥታ ትይዝልኝ ነበር፣ አሁን አባቴን ስላመመው ተመለሰች። ሠራተኛም ሞከርኩ፣ ሁለቱም ወር ሳይሞሉ ሄዱ። ስለዚህ እዚሁ ጎንደር ማራኪ ለቤታችን ቅርብ የሆነ ማቆያ አስመዘገብናትና ሰኞ ጀመረች።

የመጀመሪያ ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አድርሻት አሻንጉሊት እያየች እያለ ሞግዚቷ "አሁን ሳታይሽ ውጪ" አለችኝ፣ እኔም ወጣሁ፣ ግቢውን ሳልጨርስ ጩኸቷ ተሰማኝ። ባጃጅ ውስጥ እያለቀስኩ ነው ቢሮ የደረስኩት። 4 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ጡቴ አግቶ ሸሚዜን አረጠበው፣ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ማክሰኞና ረቡዕ ገና የማቆያውን በር ስታይ አንገቴን አንቃ ያዘችኝ። ማታ ከአጠገቧ ፈቀቅ ካልኩ ትጮሃለች፣ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ትነቃለች፣ ጡጦ በፍጹም። ባለቤቴ "ትለምዳለች" ይላል፣ አማቴ ደግሞ "ልጅ እንደ ዕቃ ሰው ቤት ይቀመጣል እንዴ" እያሉ ነው። ሥራ ልልቀቅ ብዬ አስቤ ነበር ግን በአንድ ደሞዝ ኪራዩም አይሸፈን። ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ።

አዘዞ፣ የሁለት ልጆች እናት፦
አይዞሽ እህትየ፣ እኔም የዛሬ ሦስት ዓመት እንዳንቺው ነበርኩ። መጀመሪያ ያ ተደብቆ መውጣት ይቅር! ልጅቷ የተማረችው "ዞር ስል እማየ ትጠፋለች" የሚለውን ነው፣ ማታ ከጉያሽ አልወርድም የምትለው ለዚህ ነው። ደግሞ ዕድሜዋም ነው፣ ከ6 እስከ 8 ወር ባለው እናታቸውን ከሌላ ሰው አጥርተው ይለዩና መለየት ያስፈራቸዋል፣ ዓመት አልፎም ይቆያል፣ አንቺ ያበላሸሽው ነገር የለም። አቅፈሽ፣ ስመሽ፣ "እማየ ሥራ ውላ ትመጣለች" በያትና ስጪያት፣ በየቀኑ ያው ቃል ይሁን፣ ብታለቅስም ውጪ፣ ከወጣሽ በኋላ ግን ተመልሰሽ አትግቢ፣ እኔ ሁለቴ ተመልሼ ለቅሶው እጥፍ ሆነ።

ሌላው ነጠላ ነው። ሁለት ሌሊት ለብሼው ያደርኩትን ነጠላ ለልጄ ላክሁላት፣ ጥለቱን በጭብጧ ጨምቃ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ነበር የምትውለው፣ እስኪቆሽሽ እንኳ አናጥበውም ነበር። ስትተኛ ግን ፊቷ ላይ እንዳይሆን ሞግዚቷ ታንሳው። አማትሽን ደግሞ አትከራከሪያቸው፣ አንድ ቀን 11 ሰዓት ላይ ስትወስጃት ይዘሻቸው ሂጂና ቤቱን ይዩት።

ሞግዚት ነኝ፦
እኔ ማቆያ ነው የምሠራው፣ እዚሁ ጎንደር። ሳታይሽ ውጪ ያለችሽ ለክፋት አይደለም፣ ብዙዎቻችን እንደዛ ነበር የለመድነው፣ እኔም አደርገው ነበር፣ ግን ልጆቹ ቀኑን ሙሉ በር በር ሲያዩ ሳይ ተውኩት። በአንድ ጊዜ ሙሉ ቀን መግባቷም ከብዷታል። የዓመት ፈቃድ ካለሽ ጥቂት ቀን በግማሽ ግማሽ ውሰጂ፣ አንድ ቀን አብረሻት ቁጭ በይ፣ በማግስቱ ለአንድ ሰዓት ብቻ ትተሻት ውጪ፣ ከዛ እስከ ምሳ፣ እንደዛ እያልሽ። ጠዋት ጠዋት የምትቀበላት አንድ ሰው ትሁን፣ ዛሬ አንዷ ነገ ሌላዋ ከሆነ አትለምድም። ከሄድሽ ከ20 ደቂቃ በኋላ ደውይና ጠይቂ፣ አብዛኞቹ ያኔ ዝም ብለዋል፣ የቀረችው እናትየዋ ናት ስታለቅስ የምትውል።

ግን ዝም ብለሽም አትመኚ። ለአንዲት ሞግዚት ስንት ሕፃን እንዳለ ጠይቂ፣ ዓመት ያልሞላቸው ከአራት በላይ ከሆኑ እኔ የራሴን ልጅ አልሰጥም። በጀርባዋ አንጋለው ነው ወይ የሚያስተኟት እሱንም ጠይቂ። ሳትነግሪ በምሳ ሰዓት ብቅ በይ፣ ደህና ማቆያ አይከፋውም። ወር ሆኗት አሁንም ቀኑን ሙሉ ካለቀሰች፣ መብላት ከተወች ወይ ኪሎዋ ከቀነሰ ትለምዳለች አይባልም፣ ቦታው መታየት አለበት።

ነርስ እናት፦
ስለ ጡጦው ልጨምር፣ አንቺ ስትሰጫት ጡትሽ ስለሚሸታት ነው እምቢ የምትለው፣ ሌላ ሰው ይስጣት። ካልሆነም ተያት፣ በ8 ወር በስኒና በማንኪያ ትጠጣለች። የታለበ ወተት ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል፣ ስታሞቂው ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጠሽ እንጂ እሳት ላይ አይደለም። ቢሮ 4 ሰዓት ላይ እለቢ፣ እንዲያግት አትተይው። ሌሊት የምትነቃው ቀን ያጣችውን ጡት ስታካክስ ነው፣ በዚህ ሰዓት ጡት አታስጥያት። የ9 ወሯ የኩፍኝ ክትባት ደርሷል አይደል፣ እንዳያልፍሽ። ጉንፋንም መጀመሪያ አካባቢ ይደጋገማል፣ ከሌሎች ልጆች ጋር ስትውል ያለ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንሽ ደግሞ የፌዴራል ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 መሥሪያ ቤቱ ለሴት ሠራተኞች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁም ያዝ ነበር፣ አሁን ያለው ሕግ ምን እንደሚል የሰው ሀብትን ጠይቂያቸው፣ ሴቶቹ አንድ ላይ ሆናችሁ ብትጠይቁ ይሻላል።

የፒያሳው አባት፦
ባልሽ ያድርሳት። እኛ ቤት ባለቤቴ ስትወስደው ጉድ ነበር፣ እኔ ስወስደው ትንሽ ነጭነጭ ይልና ይተዋል። "ትለምዳለች" ከማለት ጠዋት ይዟት ቢወጣ ለሁለታችሁም ይቀላል።

የማራኪዋ እናት፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሳነብ ሆዴ ባሰኝ። ዛሬ አባቷ ነው ያደረሳት፣ ነጠላዬንም ይዛ ሄደች። ቻው ሲላት አልቅሳለች፣ ግን 3 ሰዓት ስደውል ሙዝ እየበላች ነው አሉኝ። 11 ሰዓት አማቴን ይዤ ሄድኩ፣ ሞግዚቷ አዝላት ነበር፣ ነጠላዬም አብሮ ታዝሏል። አማቴ ማዘያውን በእጃቸው ሳብ አድርገው አዩና "ደህና አድርጋ ነው ያዘለቻት" አሉ፣ ሌላ ምንም አላሉም። ከሰኞ ጀምሮ ለአንድ ሳምንት ግማሽ ግማሽ ቀን አስፈቅጃለሁ። የስኒውን ነገር ዛሬ ማታ አባቷ ይሞክረዋል፣ እኔ ጓዳ እሆናለሁ።