ጥቆማ፦ ኮንዶሚኒየም ኪራይ፣ አያት ወይስ ጀሞ? በደላላ ወይስ በቴሌግራም?

ጠያቂው፦ ሰላም ቤተሰብ። ሁለታችንም ደመወዝተኞች ነን፣ የሦስት ዓመት ልጅ አለን። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ፈልገን ነበር። የእሷ ሥራ ሜክሲኮ፣ የእኔ መገናኛ። አያት፣ ጀሞ ወይስ ኮዬ ፈጬ? ደግሞስ ብሎክ ስር ከሚቀመጡት ደላሎች ይሻላል ወይስ የቴሌግራም ቻናል?

የአያት ጎረቤት፦ አያት። ባቡሩ መገናኛንም ሜክሲኮንም ይነካል፣ ለሁለታችሁም አንድ መስመር ነው። ጠዋት ጠዋት ግን ሰው በሰው ላይ ነው፤ ልጅ ታቅፎ አይሞከርም።

ጀሞ ለዘላለም፦ ጀሞ! ይሄ ደግሞ ምን ይጠየቃል።

ባለ ጀሪካን፦ ከጀሞ ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?

ጀሞ ለዘላለም፦ 11 ተኩል። ማለዳ መነሳት ለጤና ጥሩ ነው።

ባለ ጀሪካን፦ አከራይህ እንኳ ለጀሞ እንዲህ አይከራከርም።

የተቃጠለች፦ ከቴሌግራም ራቁ። ፎቶው ላይ ነጭ ሴራሚክ፣ ካቢኔት ያለው ኪችን፣ "ዋጋ በውስጥ መስመር"። ደላላው የማሳያ ተቀበለኝ፣ "ባለቤቱ" ደግሞ የስድስት ወር ካልከፈላችሁ አለ። ከፈልን። በሁለተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጋረጃ እየሰቀልኩ በሩ ተንኳኳ። አንዲት እናት ቁልፍ ይዘው ቆመዋል፣ "እናንተ ደግሞ ማን ናችሁ?" አሉኝ። ለካ ያከራየን ሰውዬ ራሱ ተከራይ ኖሯል! ደላላው ስልኩን ዘጋ።

ማሂ፦ ወይኔ እህቴ! ሴትየዋ አስወጡሽ?

የተቃጠለች፦ እሳቸው ደግ ናቸው፣ እስከ ወር መጨረሻ ታገሱን። ብሩ ግን እንደወጣ ቀረ።

ቋሚ ደንበኛ፦ ቻናሉ የትኛው ነው? እኔ የምጠቀምበት ከሆነ ውሸት ነው። በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ቤት አግኝተውልኛል።

ባለ ጀሪካን፦ በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ዕቃ ጭነህ አሁንም ታመሰግናቸዋለህ?

ቆጣቢው፦ ለምን ለሰው ትከፍላላችሁ? የመንግሥትን የ20/80 ኮንዶሚኒየም እጣ ጠብቁ።

ማሂ፦ እኔ በ2005 የተመዘገብኩ ነኝ። እስካሁን እጣዬን እየጠበቅኩ፣ ኪራይ እየከፈልኩ ነው።

ወረዳ የለመደ፦ ጠያቂው ወንድሜ፣ በኪራይ አዋጁ (1320/2016) ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው፣ በ30 ቀን ውስጥም መመዝገብ አለበት። ክፍያውን በባንክ አድርገው፣ ማስረጃ ይሆንሃል።

ባለ ጀሪካን፦ ይህንኑ ላከራዬ አነበብኩለት። "እንግዲያው አዋጁ ቤት ያከራይህ" አለኝ።

ወረዳ የለመደ፦ አንዳንዱ እንዲያ ነው። ሌላው ደግሞ ግብር ፈርቶ ውሉ ላይ ዋጋውን አሳንሶ ይጽፍና ቀሪውን በእጅ ይላል። እሺ ካልክ ነገ ስትጣሉ የምታሳየው ወረቀት የለህም። እኔ ሁሌ የማደርገውን ልንገርህ። የቤቱን ማስረጃና መታወቂያ አስተያያለሁ፤ ወኪል ነኝ ካለ ውክልናውን። ያልተከፈለ የውሃ ቢል እንዳለም እጠይቃለሁ። ከዚያ ደላላውን ሸኝቼ ማታ ብቻዬን እመለሳለሁ፤ ጥበቃውን "ውሃ በየትኛው ቀን ነው፣ አራተኛ ፎቅ ይደርሳል?" እለዋለሁ። ጥበቃ ኮሚሽን ስለሌለው አይዋሽም። ኮሪደሩ ላይ በየበሩ የተደረደሩትን ጀሪካኖች ቁጠር፣ መልሱ እዚያው ነው።

ጀሞ ለዘላለም፦ የኛ ብሎክ ሮቶ አለው።

የአያት ጎረቤት፦ ውሃ የሚሞላው ማነው?

ጀሞ ለዘላለም፦ ፓምፑ ሲሠራ እሱ ነው።

ማሂ፦ ስለ ኮዬ ፈጬ ማንም አልመለሰለትም እኮ።

ኮዬዎች፦ እኛ ገና ታክሲ ሰልፍ ላይ ነን፣ ስንደርስ እንመልሳለን።

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ወረዳ የለመደን። አሁን ሌላ ጥቆማ ነበር የፈለግኩት፦ ፍሪጅ እስከ አራተኛ ፎቅ በደረጃ የሚያወጡ፣ ግድግዳ የማይልጡ ልጆች የሚያውቅ አለ? ለቅዳሜ ነው።

ባለ ጀሪካን፦ የት ሰፈር?

ማሂ፦ አለሁ፣ ቁጥራቸውን በውስጥ እልክልሃለሁ። ጀሪካንም ግዛ።