የፋይበር ጀልባ ወራጅና የኋላ ግድግዳ በስብሷል፤ እንዴት ይጠገናል? (ጎንደር/ጎርጎራ)

ጎርጎራ_ዳር

ጤና ይስጥልኝ። ጀልባዋ ፋይበር ናት፤ ርዝመቷ 6.5 ሜትር፣ ወርዷ 2 ሜትር፣ ሞተሯ 40 ፈረስ። አሁን ጎርጎራ ላይ ከውሃ ወጥታ ተቀምጣለች። ወለሉ ሲረገጥ ይሰረጉዳል። የሞተሩን እግር ይዘው ወደ ላይ ሲያነሱት የኋላው ግድግዳ አብሮ ይወዛወዛል፣ በብሎኖቹ ዙሪያም ጥቁር ውሃ ይወርዳል። ከሆዷ በግራ በኩል አንድ ክንድ የሚሆን ስንጥቅ አለ።

ጎንደር ያነጋገርኳቸው ባትላሜራዎች ሁለት ሐሳብ አላቸው። አንዱ ከውጭ ሁለት ድርብ ፋይበር አልብሰን በስቱኮ እንጨርሳለን ይላል። ሌላው በትራፓኖ በስተን ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ) እናፍስበት ይላል። እንጨቱን ሳይቀይሩ መዳን ይቻላል? ካልተቻለስ ምን እንጨት፣ ምን ያህል ሬዚን ልግዛ? ክረምት ሳይገባ ውሃ ላይ እንድትመለስ ነው የምፈልገው።

የፋይበር_እጅ

ሁለቱም አይሆኑም። ጀልባ ጥንካሬዋ ቅርፊቷ ብቻ አይደለም፤ ቅርፊቱ ከውስጥ ርዝመቱን ከሚሄዱት ወራጆች ጋር አንድ አካል ሲሆን ነው። ወራጁ ከበሰበሰ ቅርፊቱ ማዕበል በመታው ቁጥር ይተጣጠፋል፣ ስንጥቅህም ከዚያ የመጣ ይመስላል። ከላዩ አዲስ ፋይበር ብትለጥፍ መተጣጠፉ አይቆምም፤ ስንጥቁ አዲሱንም ሰንጥቆ ይወጣል። ሬዚን ማፍሰሱን ደግሞ ተወው። የበሰበሰ እንጨት ውስጡ ውሃ የሞላ ነው፣ ሬዚኑ የሚገባበት ቦታ የለም። በቀዳዳው ዙሪያ ሁለት ጣት ያህል ይደነድናል፣ ሌላው መበስበሱን ይቀጥላል። የጣና ውሃ ጨው የሌለው መሆኑም ለእንጨት መጥፎ ነው፤ የባሕር ጨው የሚያበሰብሰውን ፈንገስ ይገታ ነበር።

መጀመሪያ ብስባሱ የት ድረስ እንደሄደ እወቅ። በትንሽ መዶሻ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ አንኳኳ፤ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ደነዝ ነው። በተጠራጠርክበት ቦታ ከውስጥ፣ ከወራጁ የታችኛው ጠርዝ አጠገብ፣ በ5 ሚሊ ጫፍ ብሳ። የሚወጣው ፍቅፋቂ ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ ደህና ነው፤ ጠቁሮ ከረጠበ ወይም እንጉዳይ እንጉዳይ ከሸተተ ሄዷል። ብስባሱ ካቆመበት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ደህናው ገብተህ ነው የምትቆርጠው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። ፍሌክሲብሉን (የመቁረጫና መፍጫ ማሽኑን) ከማንሳትህ በፊት ጀልባዋን በደንብ አስደግፋት። በሆዷ ቅርፅ የተቆረጠ ኮምፔንሳቶ ቢያንስ አራት ቦታ ከስር ይግባላት፤ ከአፍንጫ እስከ ኋላ ሲባጎ ወጥረህ ከሲባጎው እስከ ቅርፊቱ ያለውን በየግማሽ ሜትሩ ለክተህ ጻፍ። ሁለቱን ወራጅ አንድ ላይ በፍጹም አታውጣ። አንዱን አውጥተህ፣ አዲሱን ተክለህ፣ ሬዚኑ ከደረቀ በኋላ ወደ ሌላው ሂድ። አለዚያ ቅርፊቱ በድጋፎቹ መካከል ይሰምጥና አዲሱ ወራጅ ጥምዙን እንደያዘ ያደርቀዋል። ያን ጊዜ ጀልባዋ ዕድሜዋን ሙሉ አፍንጫዋን ትደፋለች፣ የሚያስተካክላት የለም።

የወራጁን ልባስ ስትቆርጥ ከቅርፊቱ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ከንፈር አስቀር፤ ወራጁ የት እንደነበር የሚነግርህ እሱ ነው። የኋላውን ግድግዳ ከውስጥ ክፈት፣ የውጩን ቆዳ እንዳትነካ። ኮምፔንሳቶውን በመሮና በመዶሻ አውጣ። ከመጀመርህ በፊት የግድግዳውን ቅርፅ በካርቶን ውሰድ፣ ወደ ኋላ የተዘነበለበትን ልክም ጻፍ፤ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ነው። እሱ ከተዛባ ሞተሩ ልኩን አይይዝም።

አናጢው

ስለ እንጨቱ እኔ ልናገር። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፣ ጎንደር በየቦታው ይገኛል፣ ግን አታስገባው። ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል፣ ከባድ ነው፣ ሙጫም በደንብ አይይዘውም። ወይራ ደግሞ ዘይታማ ነው፤ ሬዚን ይለቀዋል። ጥድ አይበሰብስም፣ ግን በቀላሉ ይሰነጠቃል፣ የራሱ ዘይትም አለው፤ ከመጣበቁ በፊት በአሴቶን መጠረግ ይፈልጋል። ለወራጅ ዝግባ ወይም ዋንዛ ፈልግ። ዝግባ ቀጥ ያለ፣ ቀላልና ሬዚን በደንብ የሚጠጣ ነው፤ በራሱ ብስባስን አይቋቋምም፣ ስለዚህ ሁሉም ጎኑና የተቆረጠበት ጫፉ ሳይቀር መታሸግ አለበት። ዋንዛ ልቡ ከዝግባ ይበልጥ ይቆያል። ነጣ ያለውን የውጭ እንጨት ግን ላጠው።

የእርጥበት መለኪያ ከሌለህ በሚዛን አውቀው። ከሰሌዳው መካከል (ከጫፉ አይደለም) 100 ግራም ቁራጭ ውሰድ፣ በምድጃ ውስጥ 100 ዲግሪ አካባቢ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቀው። 89 ግራም ከመጣ 11ን ለ89 ስታካፍል 12 በመቶ ገደማ ነው፤ ጥሩ ነው። ከ15 በመቶ በላይ ከሆነ ጥላ ውስጥ ከፍ አድርገህ፣ በየመካከሉ ቀጭን ጣውላ አስገብተህ ቆልለው፣ ጠብቅ።

የ5 ሜትር ወጥ እንጨት ካላገኘህ አጋባ፣ ግን ጫፍ ለጫፍ አይደለም። ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግጥሙ በሰያፍ 32 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ አንድ ለስምንት ማለት ነው። የሁለቱ ወራጆች ግጥሞች ትይዩ አይሁኑ።

የኋላው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ነው የሚሆነው፣ 18 ሚሊ ሁለት ድርብ። የአንተ ግድግዳ 1.6 በ0.55 ሜትር ገደማ ከሆነ 1.22 በ2.44 የሆነ አንድ ሙሉ ሰሌዳ ሁለቱንም ድርብ ይበቃል። ከመግዛትህ በፊት ቁራጭ ለምነህ ቀቅለው፦ 4 ሰዓት ቀቅል፣ አንድ ቀን አድርቅ፣ እንደገና 4 ሰዓት ቀቅል። ንብርብሩ ከተላቀቀ የቤት ዕቃ ኮምፔንሳቶ ነው። ጎንደር ላይ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ በየዙሩ አንድ ሰዓት ጨምርበት።

ጎርጎራ_ዳር

አናጢው ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሬዚኑን ግን እስካሁን አልገባኝም። ቀለም ቤት ያለው ፖሊስተር ነው፣ ኤፖክሲ ውድ ነው ይላሉ። ቀላቅሎ መሥራት ይቻላል? የባትላሜራው ስቱኮስ?

ሬዚን_በግራም

የሚደራረቡት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። የደረቀ ፖሊስተር ላይ ኤፖክሲ ይያዛል፤ የደረቀ ኤፖክሲ ላይ ግን ፖሊስተር ደህና አድርጎ አይያዝም። ስለዚህ እንጨቱን በኤፖክሲ አጣብቀህ በላዩ በፖሊስተር ልታለብሰው አትችልም። አቅሙ ካለህ የኋላውን ግድግዳ ሙሉ በኤፖክሲ፣ ወራጆቹን በፖሊስተር ሥራ፤ ኤፖክሲ እንጨትን አጥብቆ ይይዛል፣ ሞተሩ የሚታገለው ደግሞ ከዚያ ግድግዳ ጋር ነው። በኤፖክሲ የምትሠራበት ላይ የተለመደውን ማት (ያልተሸመነ፣ የተበታተነ የፋይበር ክር ምንጣፍ) አትጠቀም፤ ክሮቹን ያያያዘው ማጣበቂያ የሚሟሟው በፖሊስተሩ ውስጥ ባለው ስታይሪን ነው። በኤፖክሲ ማቱ ደርቆ ይቀርብሃል። በሽመና የተሠራውን ተጠቀም።

ስቱኮው ለመኪና ነው። በውስጡ ያለው ታልክ ውሃ ይጠጣል፤ ከውሃ መስመር በታች አታስገባው። ለማዕዘን መሙያ ሬዚን በሲሊካ ዱቄት አወፍረህ ራስህ ሥራ። በኤፖክሲ ከሆነ የተነፋ ደረቅ የእንጨት ዱቄትም ይሠራል።

መጠኑ ይህ ነው። ለሁለቱ ወራጆች እያንዳንዳቸው 5 ሜትር ርዝመት፣ 15 ሳንቲ ሜትር ቁመት ብዬ፣ ሦስት ድርብ (ማት፣ በሽመና የተሠራው ሮቪንግ፣ ማት) ብቆጥር፣ 450 ግራሙ ማት 11 ካሬ ሜትር፣ 600 ግራሙ ሮቪንግ 5.5 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። ማት ከክብደቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ሬዚን ይጠጣል፣ ሮቪንግ እኩል ለእኩል ነው። ስለዚህ ለወራጆቹ 15 ኪሎ ፖሊስተር ገደማ። ግድግዳውንም በፖሊስተር ከሠራህ 4 ኪሎ ተኩል ጨምር፤ ስንጥቁንና ብክነቱን ስታስብ 25 ኪሎ ግዛ። ካታሊስቱ (ሬዚኑን የሚያደርቀው ቅመም) ግማሽ ኪሎ ይበቃል።

ካታሊስቱን በግምት አታፍስ። በ20 ዲግሪ ለአንድ ኪሎ 15 ግራም፣ በመርፌ ስትለካ 13 ሚሊ ሊትር ገደማ። ሲቀዘቅዝ እስከ 20 ግራም ውጣ፤ ከ10 ግራም በታች ግን አትውረድ፣ መቼም ሙሉ በሙሉ አይደርቅም። ከ15 ዲግሪ በታች ደግሞ ሥራውን ተወው። የጎንደር ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ በቀን ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለውን ተጠቀም። በአንድ ጊዜ ከአንድ ኪሎ በላይ አትበጥብጥ፤ በጣሳ ሳይሆን በሰፊ ሳፋ ይሁን፣ ጥልቅ ዕቃ ውስጥ በራሱ ሙቀት ይቃጠላል። በአንድ ጊዜም ከሦስት ድርብ በላይ አትደራርብ።

ኮባልቱ (መድረቁን የሚያፋጥነው ቅመም) ለብቻው የሚሸጥ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሬዚኑ ውስጥ ገብቶ ይበጠበጥ፣ ከዚያ ካታሊስቱ። ሁለቱ ለብቻቸው ከተነካኩ ይፈነዳል። ካታሊስት ዓይን ከገባ ያሳውራል፤ መነጽር አድርግ፣ ብዙ ውሃ አጠገብህ ይኑር።

እንጨቱን የመጀመሪያውን ሬዚን ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሲወርድ ቀባ። ጠዋት ከቀባኸው እንጨቱ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ወጥቶ ሁሉንም በአረፋ ይሞላዋል።

የወደብ_መካኒክ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፣ የተረሳውን ልጨምር።

ወራጁን ቅርፊቱ ላይ በቀጥታ አታስቀምጠው። ጠንካራ ጠርዝ ቅርፊቱን ይቆርጠዋል። 5 ሚሊ ያህል ክፍተት ተውና በወፈረ ሬዚን አስቀምጠው፤ ማዕዘኑን በክብ ማንኪያ ጀርባ ሙላ፣ የወራጁን የላይ ጠርዝም አክብበው። ፋይበር ቀጥ ያለ ማዕዘን ላይ አይታጠፍም፤ ከስሩ አየር ይቀራል፣ አየሩ ውስጥ ውሃ ይገባል፣ እንደገና እዚሁ ትመለሳለህ። እያንዳንዱ ድርብ ከስሩ ካለው 3 ሳንቲ ሜትር ይስፋ።

በወራጆቹ ስር የውሃ ማለፊያ ቀዳዳ ይኑር። በ25 ሚሊ የፒቪሲ ቱቦ አልብሰው፣ ዙሪያውን በሬዚን አሽገው። ቀዳዳው ያልታሸገ እንጨት ከሆነ ብስባሱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከወለል በታች የነበረው ፎም ውሃ ጠጥቶ ከሆነ አውጣው፣ ግን ሳትተካ አትዝጋ፤ ጀልባዋ ብትገለበጥ የሚያንሳፍፋት እሱ ነው። ነጩን የማሸጊያ ፎም ፖሊስተር ያቀልጠዋል፤ ለእሱ የፖሊዩረቴን ዓይነት ፈልግ።

የሞተሩን ብሎን ቀዳዳ በ12 ሚሊ በስተህ ብሎን አታስገባ። በ20 ሚሊ ብሳ፣ ከስሩ ዘግተህ በወፈረ ኤፖክሲ ሙላ፣ ሲደርቅ መሃሉን በ12.5 ብሳ። ያኔ ብሎኑ የሚነካው ኤፖክሲውን ነው፣ ውሃ ወደ እንጨቱ አይደርስም። ከውስጥ በኩል በትንንሽ ሮንዴላ ፈንታ ወፍራም የአሉሚኒየም ሳህን አድርግ።

በጣና ከፍታ ሞተር ከኃይሉ አንድ ስድስተኛ ያህል ያጣል። ለዚህ ብለው ባለ 60 የሚሰቅሉ አሉ። ጉልበቱ ይስተካከል ይሆናል፣ ግድግዳው የሚሸከመው ክብደት ግን በከፍታ አይቀንስም። እምቦጭ ፕሮፔለሩን ሲጠመጥም የሚመጣው ጉተታም የሚያርፈው እዚያው ነው።

ጎርጎራ_ዳር

ስንጥቁን ከውጭ ልሥራው ወይስ ከውስጥ?

የፋይበር_እጅ

የግራው ወራጅ ወጥቶ ሳለ ከውስጥ። ቅርፊቱ 6 ሚሊ ከሆነ በስንጥቁ በሁለቱም ጎን 7 ሳንቲ ሜትር ያህል በቁጥር 40 የብርጭቆ ወረቀት እያሳሳህ ፍጨው፤ አንድ ለአሥራ ሁለት ማለት ነው። መጀመሪያ ከውጭ ሰም የተቀባ ፎርማይካ በቴፕ ለጥፍበት፣ ሬዚኑ እንዳይፈስ። 450 ማት አንዱ ድርብ 1 ሚሊ ያህል ይሰጣል፣ ስድስት ድርብ፣ ሰፊውን መጀመሪያ፣ ሦስት ዛሬ ሦስት ነገ። ከዚያ ወራጁን በላዩ ትከል። ከውጭ የሚቀርህ ጄልኮት (ቀለም ያለው የላይኛው ሬዚን ቅብ) ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ቅብ ሰም ያለው ይሁን፣ አለዚያ ፊቱ እንደተጣበቀ ይቀራል።